ገልብጦ መሣል ትምህርት የሚሆነው መቼ ነው?

«ገልባጭ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ስድብ ነው። በፈተና ጊዜ የጎረቤቱን ወረቀት እያየ የሚጽፍ ተማሪ ገልባጭ ይባላል፤ ማርኩም ይሰረዝበታል። በሥዕል ትምህርት ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በአውሮፓ የዘይት ቀለም ሥዕል በተስፋፋባቸው ዘመናት ተማሪው የመምህሩንና የቀደሙትን ታላላቅ ሠዓልያን ሥራ እያየ እንዲገለብጥ ይታዘዝ ነበር እንጂ አይከለከልም ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬም ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፤ ገልብጦ መሣል የተማሪውን የራሱን አሳብ ያደነዝዛል፤ እጁንም የሌላ ሰው አገልጋይ ያደርጋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ የታላላቆቹን ሥራ ያልገለበጠ ሰው የዘይት ቀለም አያያዝ ከቶ አይገባውም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ይኸውም፤ ተማሪው የሚገለብጠው የሥዕሉን ምኑን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሰውን መልክ በዘይት ቀለም በሚሥሉት ሰዎች ሥራ ላይ መመርመር ነው። ለምርመራውም በኢጣልያ የሕዳሴ ዘመን ከተሠሩት ሥዕሎች መካከል ራፋኤሎ የሣለውን የባልዳሳሬ ካስቲልዮኔን መልክ መርጠናል። የምንደርስበትን ፍርድ አስቀድመን ለመግለጥ ያህል፤ የሥዕሉን ያለቀ ገጽ ብቻ የሚገለብጥ ተማሪ አንድ ሥዕል ያገኛል፤ ሥዕሉ የተሠራበትን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ተማሪ ግን ሙያ ያገኛል።

ገልብጦ የመማር ልማድ በጣም የቈየ ነው። ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሠዓሊ በ1400 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሥዕል ሙያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፤ ጀማሪው ዝናው ከፍ ያለ አንድ መምህር መርጦ የእርሱን ሥራ በየቀኑ እንዲገለብጥ ይመክራል። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው የሚገለብጥ ሰው የአንዱንም ስልት ሳይዝ ይቀራል ሲል ያስጠነቅቃል። በፓሪስ የሚገኘው የሉቭር ቤተ መዘክር በ1793 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተ ጊዜም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተራው ተመልካች ይልቅ እየገለበጡ ለሚማሩት ሠዓልያን ብዙ ቀኖች ተመድበውላቸው ነበር። ይህም ቤተ መዘክሩ የመመልከቻ ቦታ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤትም ሆኖ እንደ ታሰበ ያስረዳል።

አሁን ወደ ተመረጠው ሥዕል እንመለስ። ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ በ1528 ዓ.ም. ስለ ቤተ መንግሥት ባለሟል ጠባይና ሥርዐት የሚናገረውን ታዋቂ መጽሐፉን ያሳተመ ጸሓፊና የመንግሥት መልእክተኛ፤ የራፋኤሎም ወዳጅ ነበር። ሥዕሉ በ1514 እና በ1515 ዓ.ም. መካከል እንደ ተሠራ ይገመታል። ዛሬ የሚገኘው በሉቭር ሲሆን፤ ቁመቱ 82 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 67 ሳንቲ ሜትር ነው። በመጠኑ ትንሽ፤ በቀለሙም ቁጥብ ነው። ሰውየው ጥቁር ባርኔጣ ደፍቷል፤ ጥቁርና ግራጫ ልብስ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ነጭ ሸሚዝ ብቅ ብሏል፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳም ወደ ግራጫነት ያደላ ነው። እጆቹ ከታች በኩል ተያይዘዋል። ሰውነቱን ወደ ጎን አዞሮ በሰማያዊ ዓይኖቹ ወደ ተመልካቹ ያያል።

የዚህ ሥዕል ጥበብ ያለው በዚህ ቁጥብነት ውስጥ ነው። ልብሱና ግድግዳው ቀዝቃዛና ተቀራራቢ ቀለም ስላላቸው፤ ሙቀት ያለው ቦታ ፊቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ራፋኤሎ ፊቱን ለማጉላት ደማቅ ቀይ ወይም ወርቅ አላስፈለገውም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ዝም ማሰኘቱ በቅቶታል። ለተማሪ ጠቃሚ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቂት የአፈር ቀለሞችና አንድ ቀይ ያለው ተማሪ የዚህን ሥዕል አብዛኛውን ነገር ሊሞክረው ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች ስለ ዝናዋ ብቻ ሞና ሊዛን ለመገልበጥ ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን የሞና ሊዛ ዋና ጥበብ ለዓይን በማይታዩ ስስ ቀለሞች መደራረብ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፤ ጀማሪው የሚይዘው ነገር ያጣል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ትምህርት ከሞና ሊዛ ይልቅ ካስቲልዮኔ ይሻላል።

ራፋኤሎ ራሱም ከሌላው ሳይማር ይህን ሥዕል አልሠራም። የካስቲልዮኔ አቀማመጥ፤ ማለት ሰውነት ወደ ጎን፣ ዓይን ወደ ተመልካች፣ እጅ ከታች መሆኑ ከሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛ የመጣ መሆኑን የሥዕል ታሪክ ዐዋቂዎች ይስማሙበታል። ራፋኤሎ በወጣትነቱ በዚያው አቀማመጥ የሣላት የአንዲት ወጣት ሴት ንድፍ እስከ ዛሬ በሉቭር ይገኛል። ይሁን እንጂ ካስቲልዮኔን የሚያይ ሰው ሌኦናርዶን አያይም። ከጀርባ የነበረው ተራራና ወንዝ ቀርቶ ባዶ ግድግዳ ተተክቷል፤ የተሰወረው ፈገግታም ቀርቶ ጨዋ የሆነ ወዳጃዊ እይታ መጥቷል። እንግዲህ ራፋኤሎ የወሰደው አቀማመጡን እንጂ መንፈሱን አይደለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ካስቲልዮኔን ከገለበጡት መካከል ሁለቱን እንመልከት። በ1639 ዓ.ም. ይኸው ሥዕል በአምስተርዳም ከተማ በሐራጅ ሲሸጥ ሬምብራንት በቦታው ነበረ። በዚያም ሥዕሉን ቶሎ ብሎ በወረቀት ላይ ነደፈው፤ የተሸጠበትንም ዋጋ 3,500 ጊልደር መሆኑን ከጎኑ ጻፈ። ይህ ወረቀት ዛሬ በቪየና በአልበርቲና ቤተ መዘክር ይገኛል። ንድፉን ከዋናው ጋር የሚያስተያይ ሰው ባርኔጣው ይበልጥ እንዳዘነበለ፤ መስመሩም ችኩልና ሕያው እንደ ሆነ ያያል። ሬምብራንት በዚያው ዓመት የራሱን መልክ በመዳብ ሠሌዳ ቀርጾ አሳተመ፤ በ1640 ዓ.ም. ደግሞ የ34 ዓመት ሰው ሳለ የራሱን መልክ በዘይት ቀለም ሣለ። ይህ ሥዕል በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል። በሁለቱም ውስጥ ከራፋኤሎ ካስቲልዮኔና፤ በዚያው ጊዜ በአምስተርዳም ይገኝ ከነበረው ከቲሲያኖ የአንድ ሰው መልክ ያገኘው ትምህርት ይታያል፤ የሚታየው ፊት ግን የሬምብራንት ነው። ሬምብራንት በዚያ ሐራጅ ላይ የገለበጠው ቀለሙን አልነበረም፤ ለዚያ ጊዜም አልነበረውም። የገለበጠው ሥዕሉ የቆመበትን አሳብ ነበር።

ሩቤንስ በሌላ መንገድ ሄደ። እርሱ ካስቲልዮኔን በዘይት ቀለም ከነሙሉ መልኩ ገለበጠው፤ ግልባጩም ዛሬ በለንደን በኮርቶልድ ጋለሪ ይገኛል። ስለ ሩቤንስ አሠራር ይበልጥ የሚያስተምረን ግን በማድሪድ ያደረገው ነው። በ1628 ዓ.ም. ለመንግሥት ጉዳይ ተልኮ ወደ ስፓኝ በሄደ ጊዜ ዕድሜው 51 ዓመት ነበር፤ በመላው አውሮፓም የታወቀ ሠዓሊ ሆኖ ነበር። ቢሆንም በንጉሡ ግምጃ ቤት የነበሩትን የቲሲያኖን ሥዕሎች እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጦ ገለበጠ። ከእነዚህም አንዱ የአዳምና የሔዋን ሥዕል ሲሆን፤ የቲሲያኖ ዋናውና የሩቤንስ ግልባጭ ሁለቱም ዛሬ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሩቤንስ የአዳምን አቀማመጥ ለውጧል፤ በቲሲያኖ ሥዕል ላይ ያልነበረች በቀቀንም ጨምሯል። ያ በዕድሜም በሙያም የበሰለ ሰው ይህን ያደረገው መገልበጥ ስላልቻለ አይደለም። ከቲሲያኖ ጋር በብሩሽ እየተነጋገረ ስለ ነበረ ነው። የተስማማበትን ተቀበለ፤ ያልተስማማበትን አርሞ መለሰ። ስለዚህ ጥሩ ግልባጭ ራሱን የቻለ ሂስ ነው ብንል አንሳሳትም።

ይህ እንዲህ ከሆነ፤ ተማሪው ወደ ሥራ ሲገባ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? መልሱ ከዘይት ቀለም ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። የዘይት ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት ወይም ይህን በመሰለ ዘይት የታሸ ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። አንዱ ቅብ ለመንካት እስኪደርቅ ቀኖች ይፈጃል። በዚህ ምክንያት የጥንቱ ሠዓሊ ፊትን በአንድ ጊዜ አይጨርስም ነበር። አስቀድሞ የጠመኔ ወይም የጀሶ ዱቄትና ከቆዳ የፈላ ሙጫ ቀላቅሎ መደቡን ያለብሳል፤ በላዩ ንድፉን ያወጣል፤ ቀጥሎ ብርሃንና ጥላውን በጥቂት ቀለም ያስቀምጣል፤ ይህ ሲደርቅ የሥጋውን ቀለም ይጨምራል፤ በመጨረሻም የታችኛውን የሚያሳይ ስስ ቀለም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ይቀባል። በላይ የሚቀባው ከታችኛው ይልቅ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ አለዚያ የታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። እንግዲህ በካስቲልዮኔ ጉንጭ ላይ የምናየው ቀለም አንድ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን ከላይኛው አልፎ የታችኛውን ነክቶ ሲመለስ የሚሰጠው ውጤት ነው።

ይህን ያላወቀ ተማሪ የጉንጩን ቀለም በገበታው ላይ ለመቀላቀል ይታገላል። አስመስሎ ካገኘውም በኋላ አንድ ወጥ አድርጎ ይለጥፈዋል። ውጤቱ ከሩቅ ይመስላል፤ ከቅርብ ግን እንደ ግድግዳ ቀለም የሞተ ነው። በዚህ ላይ የዛሬው ነጭ ቀለም የራፋኤሎ ነጭ አይደለም። የጥንቱ ነጭ ከእርሳስ የሚሠራ፤ መርዝነት ያለው፤ ነገር ግን ብርሃን በመጠኑ የሚያሳልፍ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የቲታንየም ነጭ መርዝነት የለውም፤ ሆኖም ሁሉን የሚሸፍንና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በጥላ ውስጥ ሲገባ ጥላውን ዐመድ ያስመስለዋል። ተማሪው ይህን ካወቀ ነጩን ይቈጥባል፤ ካላወቀ ግን ጥፋቱን በእጁ ላይ ይጥላል።

የቅቦቹ ስስነት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በቅርቡ በሳይንስ ተለክቷል። በ2010 ዓ.ም. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሉቭር የሚገኙትን የሌኦናርዶን ሥዕሎች ሳይነኩ በኤክስሬይ መርምረው ነበር። በፊት ላይ ያለውን ጥላ ለማውጣት የተደራረቡት ስስ ቀለሞች በሙሉ ተደምረው ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ሜትር ብቻ እንደሚሆኑ ገለጡ። ይህም ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለ100 ቢከፈል ከ4ቱ ክፍል አይበልጥም። ያለቀውን ገጽ በዓይን ብቻ እያየ ለመገልበጥ የሚሞክር ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም ችግር አለ። ዛሬ የምናየው ሥዕል ሠዓሊው ሲጨርሰው የነበረው ሥዕል አይደለም። ቨርኒሹ በዘመናት ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ ጨለማው ክፍልም ይበልጥ ይጨልማል። በፕራዶ የነበረ አንድ የሞና ሊዛ ግልባጭ ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ነገር ይቈጠር ነበር፤ ከጀርባውም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። ጥቁሩ ተነሥቶ በ2012 ዓ.ም. የምርመራው ውጤት ሲገለጥ፤ ከሥሩ ተራራውና ወንዙ ተገኘ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፤ በግልባጩ የታችኛው ንድፍ ላይ የተደረጉት እርማቶች ሌኦናርዶ በዋናው ላይ ካደረጋቸው እርማቶች ጋር የተስማሙ መሆናቸው ነው። ከዚህም የተነሣ ግልባጩን የሠራው ሰው በሌኦናርዶ የሥራ ቤት ውስጥ ከመምህሩ ጋር ጎን ለጎን የሠራ ደቀ መዝሙር ነው ተብሎ ታመነ። ያ ስሙ ያልታወቀ ተማሪ መምህሩ ሲያርም ያርም ነበር። የገለበጠውም ያለቀ ሥዕል ሳይሆን እየተሠራ ያለ ሥዕል ነበር። ከዚህ የበለጠ የመገልበጥ ትምህርት ሊኖር አይችልም።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ብዙ ተማሪዎች የሚከተሉት የካሬ መንገድ ጉድለቱ ይታያል። በዋናው ላይና በሸራው ላይ እኩል ካሬዎችን አሥምሮ አንዱን ካሬ ከሌላው እያስተያዩ መሣል፤ ነገሮችን በየቦታቸው ለማስቀመጥ ይረዳል። ነገር ግን ተማሪው ካሬ ሲቈጥር ፊት ማየት ይተዋል። ዓይኑን በአንድ ካሬ ጨርሶ ወደ አፍንጫው ካሬ ይሻገራል፤ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ዓይንና አፍንጫ በአንድ ፊት ላይ ይገናኛሉ። በሉቭር ገልባጮች የሚጠበቁበት ደንብ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ግልባጩ ከዋናው በአንድ አምስተኛ ያነሰ ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የሠዓሊውም ፊርማ አይገለበጥም። ደንቡ የወጣው አታላዮችን ለመከላከል ነው፤ ለተማሪው ግን ከአንድ ጥሩ መምህር ትእዛዝ አያንስም። መጠኑ ሲለወጥ እጅ ዝም ብሎ መከተል አይችልምና፤ ተማሪው እያንዳንዱን ርቀት እንደ ገና አስቦ መወሰን ይገደዳል።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። የሕዳሴ ዘመን የዘይት ቀለም ሥዕል ገልብጦ መሥራት ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፤ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል በ1520 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ የተሣለ የዘይት ቀለም ሥዕል እንደ ሆነ ይታመናል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲሄዱ ያስይዙት ነበር። የአገራችን ሠዓልያንም በየብራናውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጋግመው ገልብጠውታል። በገለበጡት ጊዜ የእሾሁን አክሊልና የደሙን ነጠብጣብ ጠብቀዋል፤ በዘይት ቀለም የወጣውን ለስላሳ ጥላ ግን ትተው፤ በጥቁር መስመርና በጠራ ቀለም መልሰውታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን የችሎታ ማነስ አድርገው ይቈጥሩታል። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም። እነርሱ የፈለጉት የዘይት ቀለምን ሙያ አልነበረም፤ የሥዕሉን ምሥጢር ነበር፤ የፈለጉትንም በራሳቸው ቋንቋ ወስደዋል። ሬምብራንት በሐራጁ ላይ ያደረገውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሆኖም የዘይት ቀለምን ሙያ ለሚፈልግ የዛሬ ተማሪ ዋናውን ሥዕል በቅርብ ማየት ያስፈልገዋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኵርዓተ ርእሱ በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ወጥቷል። የወሰደውም ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ነው። በ1917 ዓ.ም. በለንደን በሐራጅ ተሸጠ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። በመቅደላ የጠፋው የሃይማኖትና የታሪክ ቅርስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀርቦ ቅቡን ሊመረምረው ይችል የነበረ የዘይት ቀለም መምህርም ጭምር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተማሪ ራፋኤሎን የሚያገኘው በታተመ ወረቀት ወይም በስልክ መስታወት ላይ ነው። የታተመ ሥዕል ደግሞ ቅርጹን ያሳያል እንጂ ቅቡን አያሳይም፤ ስሱና ወፍራሙ፣ የታችኛውና የላይኛው በእርሱ ላይ አንድ ሆነዋል።

መፍትሔው ግን መገልበጥን መተው አይደለም። ዓይን ያላገኘውን ዕውቀት ሊሞላው ይገባል። ተማሪው የታተመውን ካስቲልዮኔ ከፊቱ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ሳይሆን «ከዚህ በፊት ከሥሩ ምን ነበረ?» ብሎ ነው። በጥቁርና በነጭ ብቻ ብርሃንና ጥላውን የያዘ አንድ ቅብ ያድርግ፤ እስኪደርቅም ይታገሥ። ከዚያ በኋላ የሥጋውን ቀለም በስሱ ያምጣ። ቤተ መዘክሮች ስለ ሥዕሎቻቸው ያወጡትን የኤክስሬይ ምርመራ ያንብብ። በቼኒኒም ምክር አንድ ሥዕል ይዞ ይቈይ እንጂ በሳምንት አምስት ሥዕል አይጀምር።

መገልበጥ የራስን አሳብ ይገድላል ለሚሉት ደግሞ መልሱ ከራሳችን ትምህርት ቤት ይገኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ሰሙንና ወርቁን ይለያል፤ መንገዱን ያጠናል። ነገር ግን የሰማውን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ ተቀኘ አይባልም፤ በጉባኤው ፊት አዲስ ማምጣት አለበት። የቅኔ መምህር ተማሪውን ከመስማት አልከለከለውም፤ በመስማት ብቻ እንዲቀርም አልፈቀደለትም። የሥዕል ተማሪም በዚሁ ሕግ ሊፈረድበት ይገባል።

ስለዚህ የአንድ ግልባጭ ትክክለኛ ፈተና ከዋናው ጋር መመሳሰሉ አይመስለኝም። ካስቲልዮኔን የጨረሰ ተማሪ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጠው። በዚያው መደብ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በእነዚያው ጥቂት ቀለሞች፤ አንድ ሕያው ሰው፤ እናቱን ወይም የክፍል ጓደኛውን፤ ከፊቱ አስቀምጦ ይሣል። እጁ ከጥላው ወደ ብርሃኑ የሚሄድበትን መንገድ ካገኘ በእውነት ከራፋኤሎ ተምሯል። ካላገኘ ግን፤ ግልባጩ የቱንም ያህል ቢያምር፤ ያ በፈተና ጊዜ የጎረቤቱን ወረቀት የጻፈው ተማሪ ካገኘው ማርክ የበለጠ ዋጋ የለውም።